ማሽኑ ቆዳ እንጂ ሆድ አያይም

«ማሽኑ ስንት አለ?»

ቀኑን ሙሉ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ወርቅ ይዞ የመጣ ይጠይቀኛል። ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ ከሩቅ የመጣም ይጠይቀኛል። ሰፈር ውስጥ ቡና ላይ ቁጭ ብለን እንኳ አንዷ ጎረቤቴ አምባሯን እያሽከረከረች «እስቲ አንድ ቀን በዛ ማሽንህ እይልኝ» ማለቷ አይቀርም።

ማሽኑ ኤክስ አር ኤፍ ይባላል። ወርቅ ቤቶች ጋ የምታዩት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው። እኔ የምሠራበት ላብራቶሪ ያለው ደግሞ በእጅ የሚያዝ፣ ሽጉጥ የሚመስል ነው። አፉን ዕቃው ላይ ትገጥሙና ቃታውን ትስባላችሁ። ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃላችሁ። ስክሪኑ ላይ ከመቶ ወርቅ 87.4፣ መዳብ 6.3፣ ብር 6.1፣ ዚንክ 0.2 ብሎ ይዘረዝርላችኋል። አይቆርጥም፣ አያቀልጥም፣ አሲድ አያንጠባጥብም። ዕቃው እንደመጣ ይመለሳል።

ማሽኑን እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ሰው ቁጥሩን የሚቀበልበት መንገድ ነው። መፈተኛ ድንጋይ ከያዘ ሽማግሌ አንጥረኛ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከር የሚውል ሰው፣ ስክሪን ላይ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲያይ ትንፍሽ አይልም። ማሽኑ ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የተጠየቀውም በጣም ጠባብ ጥያቄ ነው፦ እዚህች ቦታ ላይ፣ ስስ ገጹ ላይ፣ ምን ምን ንጥረ ነገር አለ? በቃ። ስለ ሆዱ የጠየቀው የለም፣ እሱም ስለ ሆዱ አይናገርም።

አሠራሩን ዘልዬው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከታች የማወራው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። አቶም መሀሉ ላይ ኒውክለስ አለው። ዙሪያውን ኤሌክትሮኖች በደረጃ በደረጃ ተቀምጠዋል። ከማሽኑ የሚወጣው ኤክስሬይ ይገባና ለኒውክለሱ ከቀረቡት ኤሌክትሮኖች አንዱን መትቶ ያስወጣዋል። ቦታው ባዶ አይቆይም። ከላይኛው ደረጃ ሌላ ኤሌክትሮን ወርዶ ይሞላዋል፤ ሲወርድም የተረፈውን ጉልበት በሌላ ኤክስሬይ መልክ ይለቀዋል። የዚህ የሁለተኛው ኤክስሬይ ጉልበት ከንጥረ ነገር ንጥረ ነገር ይለያያል። ብረት 6.40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይታያል። መዳብ 8.05 ላይ። ወርቅ 9.71 እና 11.44 ላይ። ብር ራቅ ብሎ 22.1 ላይ። ማሽኑ የሚመለስለትን ጨረር በጉልበቱ እየለየ ይቆጥራል፤ ከቆጠራው ተነስቶ የትኛው ንጥረ ነገር ምን ያህል እንዳለ ያሰላል።

ይሄን ሥርዓት ያወጣው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ንጥረ ነገሮች የሚለቁትን ኤክስሬይ እየለካ ሲደረድር፣ የፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ሩት ከአቶሚክ ቁጥሩ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ሠራለት። እስከዚያ ድረስ አቶሚክ ቁጥር የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ያለ ተራ ቁጥር ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የሚለካ ነገር ሆነ። መስመሩ ላይ ክፍተት ሲያይም እዚህ ጋ ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር አለ አለ፤ 43ኛው፣ 61ኛው፣ 75ኛው። ሁሉም ኋላ ተገኙ። እሱ ግን አላየም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዘመተና እ.ኤ.አ. በ1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ተመትቶ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ቃታ በሳብኩ ቁጥር እሱን አስባለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን ድንገት ትዝ ይለኛል።

ወደ ወርቁ እንምጣ።

አንዲት ሴት ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችውን የአንገት ሐብል ልትሸጥ ወርቅ ቤት ትገባለች። የገዛችው 21 ካራት ብላ ነው፤ ማህተሙም 875 ይላል፣ ከሺህ 875 እጁ ወርቅ ነው ማለት ነው። ወርቅ ቤቱ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጦ «19 ነው» አላት። ተናዳ እኛ ጋ መጣች፤ ደግነቱ የወርቅ ቤቱንም ልጅ እየጎተተች ነው የመጣችው። ልጁን «የቱን ቦታ ነው ያነበብከው?» አልኩት። መቆለፊያው አጠገብ ያለውን መጋጠሚያ አሳየኝ። መጋጠሚያ ላይ ብየዳ አለ። የብየዳ ወርቅ ከዋናው ቀድሞ መቅለጥ ስላለበት ካራቱ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ዚንክ ይገባበታል፣ የድሮው ከሆነ ካድሚየምም ይኖረዋል። ከመጋጠሚያው ራቅ ብዬ ሰፋ ያለውን ቅጠል ስለካው 87 ከምናምን አለ። መጋጠሚያው ላይ ስመለስ 80 ገደማ፣ ማለትም 19 ካራት፣ ከነዚንኩ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወርቅ ቤቱም አላጭበረበረም፣ ጅዳ ያለው ሻጭም አላጭበረበረም።

«ታዲያ የቱን ልመን?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነተኛው ቁጥር ሐብሉ ከነብየዳው አንድ ላይ ቢቀልጥ የሚገኘው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁለቱ መሀል ሆኖ ለ87ቱ በጣም የቀረበ ነው፣ ብየዳው ከጠቅላላው ክብደት ትንሽ ስለሆነ። ይህን ነገርኳቸውና የቀረውን ለራሳቸው ተውኩላቸው። ድርድር የእኔ ሥራ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ግን ድምፃቸው ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

በነገራችን ላይ ቀለበት አልወልቅ ብሏቸው «ጣቴ ላይ እንዳለ ለካው» የሚሉ አሉ። አይሆንም። የሚወጣው ኤክስሬይ ነው፣ ቀልድ የለውም። ሳሙና እዛ ጋ አለ።

አሁን ዋናው ነገር። ወርቅ ከባድ ነው፤ ከባድ ስለሆነም የራሱን ጨረር መልሶ ይውጠዋል። ከጥልቅ የተነሳው ኤክስሬይ ውጭ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ከወርቅ ዕቃ ላይ የሚያነበው ከላይ ያለውን አስር ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ማይክሮን ነው፤ የራስ ፀጉር እንኳ ከአስር ማይክሮን በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ከዚያ በታች ያለው ለማሽኑ የለም።

ሰው ወዲያው የሚያስበው ወፍራም ቅብን ነው። ልክ ነው፤ በደንብ ወፍሮ የተለበጠ ዕቃ ማሽኑን አንገቱን ቀና አድርጎ ያልፋል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ስሱ ቅብ ነው። ቅቡ አንድ ሁለት ማይክሮን ከሆነ ጨረሩ ዘልቆ ከሥር ያለውን መዳብም ያነባል። ማሽኑ ደግሞ ቅብ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ወጥ ቅይጥ ነው ብሎ ሁለቱን ደባልቆ ያሰላና «14 ካራት» ሊላችሁ ይችላል። ዜሮ ቢል ትደነግጣላችሁ። 100 ቢል ትጠረጥራላችሁ። 14 ካራት የሚባል ወርቅ ግን ዓለም ላይ ሞልቷል፣ ማን ይጠረጥራል? የለመደ ዓይን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ያልተጠበቀ ኒኬል መኖሩን፣ የወርቁ ሁለት መስመሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ምጣኔ መዛባቱን። አንዳንድ ማሽን ይሄን ራሱ አይቶ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ የሚያልፈው ሰው ነው።

ፍቱኑ መድኃኒት ሞረድ ነው። የማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት፣ ከዚያ ጭረቱ ላይ መለካት። ባለቤቶቹ ግን ሞረድ ሲያዩ ዕቃቸውን ይነጥቃሉ፤ «አይጎዳም ብለኸኝ አልነበር?» አልፈርድባቸውም። ማርስ ላይ የሚንቀሳቀሰው የናሳው ፐርሲቪራንስ እንኳ ክንዱ ላይ ኤክስ አር ኤፍ ተገጥሞለት እያለ፣ የድንጋዩን ሆድ ማየት ሲፈልግ መጀመሪያ ላዩን ይፍቀዋል። አቧራና አየር የነካው ገጽ ስለ ድንጋዩ ብዙ አይናገርማ። ማርስ ላይ ግን «ዕቃዬን አበላሸህ» የሚል የለም።

ቅኔ ወርቁን ከሰሙ ሥር ይደብቃል። አጭበርባሪ ደግሞ ገልብጦት ወርቁን ላይ ያደርጋል። በ2000 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኘና ተመለሰ። ያኔ አገር ሙሉ ያወራው ስለ ሌቦቹ ነበር። እኔ አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ያንን ለመያዝ እንዲህ ያለ ዘመናዊ ማሽን አያስፈልግም። የወርቅ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ነው፤ የብረት 7.9 ገደማ። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለቱን ብታነሱ ብረቱ የወርቁን ግማሽ አይመዝንም። ሚዛንና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃ ነበር። ሚዛኑን የሚያታልለው ሌላው ነው፣ ቱንግስተን። ጥግግቱ 19.25 ስለሆነ ወርቅ ቢለበስ ሚዛንም ውሃም አይለየውም፤ ቅቡ ከወፈረ ማሽኑም አይለየውም። እዚያ ላይ አልትራሳውንድ ወይም መቁረጥ ነው።

ቆዳና ሆድ የሚለያየው ደግሞ ሰው ሲያጭበረብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማርትሬዛ ብርን ውሰዱ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በሞተችበት እ.ኤ.አ. በ1780 የቆመ ቀን ይዞ፣ ቪየና ላይ፣ ኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሳይቀር እየተመታ አገራችንን ያጥለቀለቀው ጠገራ። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ። አንጥረኞቻችን እያቀለጡ መስቀል፣ አምባር፣ የጆሮ ጌጥ ሠርተውበታል።

አንድ አዛውንት የእናታቸውን የአንገት መስቀል ይዘው መጡ። ሊሸጡት አይደለም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። የመስቀሉን ፊት ስለካው ብሩ ከ90 በላይ አለ። አባባ ፊታቸው በራ። እኔ ግን አልበራልኝም፤ ከጠገራ የተሠራ ነገር ከጠገራው በልጦ ከየት ይመጣል? ምክንያቱ የታወቀ ነው። ብርና መዳብ አብረው ሲግሉ ላይ ያለው መዳብ ይጠቁራል። አንጥረኛው ያንን ጥቁረት በአሲድ ወይም በሌላ የሚጎመዝዝ ነገር አጥቦ ያወጣዋል። መዳቡ ከላይ ታጥቦ ሲሄድ ገጹ ላይ ከሆዱ የጠራ ብር ይቀራል። ማንም ማንንም አላታለለም፤ የሥራው ወግ ነው። ስለዚህ ማንጠልጠያውን ገለበጥኩት። የውስጠኛው ጎኑ ላይ ማተቡ ለአሥርተ ዓመታት እየፈተገ አንድ ጠባብ ቦይ ቆፍሯል። ክር ነው፣ ሞረድ አይደለም፣ ግን ዘመን ከተሰጠው ያው ነው። የማሽኑን አፍ አጥብቤ እዚያ ቦይ ላይ ስለካው ብሩ 83 ላይ ወረደ፤ የቀረው መዳብ። ይሄ ነው ማርትሬዛ።

አባባ ቅር ይላቸዋል ብዬ ስፈራ፣ «እናቴ ስንት ብር አስቀልጣ ነው ያሠራችው?» አሉኝ። ለካ የሚፈልጉት እሱን ነው። ይሄ የማሽኑ ጥያቄ አይደለም። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 55 ግራም ገደማ። ሁለት ጠገራ፣ ትንሽ ለአንጥረኛው እጅ የቀረ ተቀንሶ። «ሁለት በሬ ማለት እኮ ነው» ብለው ሳቁ። የዘመኑን የበሬ ዋጋ ስለማላውቅ አብሬ ሳቅሁ።

ለቱሪስት ከሚሸጡት መስቀሎች አንዳንዶቹ ደግሞ ማሽኑ ላይ ሲወጡ መዳብ፣ ኒኬል፣ ዚንክ ብለው ዝም ነው። ብር ዜሮ። እነሱ ላይ ክርክርም የለም። ቆዳቸውም ሆዳቸውም አንድ ነው፣ በዚህ እንኳ ሐቀኞች ናቸው።

ማሽኑ የማያየው ጥልቀትን ብቻ አይደለም። ቀላል ንጥረ ነገሮችንም አያይም። የካርቦን ጨረር በጣም ደካማ ስለሆነ እዚያው አየሩ ላይ፣ የማሽኑ መስኮት ላይ ይቀራል። በእጅ የሚያዙት ማሽኖች ከማግኒዚየም የቀለለውን አይለዩም ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም። ይሄ ለወርቅ ግድ የለውም። ለብራና ግን ግድ አለው።

አርኪሜዲስን ታውቁታላችሁ፤ የንጉሡን ዘውድ ሳይቆርጥ ወርቅነቱን በውሃ ፈተነ የሚባልለት ሰው። ስለ ተንሳፋፊ አካላት የጻፈው ሥራ በግሪክኛ የተረፈው አንድ ብራና ላይ ብቻ ነው። ብራናው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጠ ሲሆን፣ በ13ኛው ላይ አንድ ካህን ጽሑፉን ፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። በ20ኛው ደግሞ አንድ አስመሳይ ጥቂት ገጾች ላይ በወርቅ ያጌጠ ሥዕል ደረበበት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ያለው ግዙፍ የኤክስሬይ ምንጭ ላይ ገጾቹን ወስደው በኤክስ አር ኤፍ ሲያዩዋቸው፣ ከሥዕሉና ከወርቁ ሥር ያለው ጽሑፍ መነበብ ጀመረ። ቀለሙ ብረት ስለነበረው ብረቱ ያለበትን ቦታ ነጥብ በነጥብ ካርታ አድርገው ፊደል አወጡበት። ወርቅን ሳይጎዳ ፈተነ የተባለው ሰው መጽሐፍ፣ ዛሬ ወርቅ ሳንጎዳ በምንፈትንበት ዘዴ፣ ከወርቅ ሥር ተነበበ። እንዲህ ያለ ነገር በልብ ወለድ ላይ ባነብ ደራሲው አበዛው እል ነበር።

ይህን ለአንድ የቤተ ክህነት ወዳጄ ሳወራው «የኛንም ተፍቀው የተጻፉ ብራናዎች እንዲህ እናንብባቸዋ!» አለኝ። ችግሩ የእኛ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው። ካርቦን ለማሽኑ የለም። ቀዩ ቀለም ግን ሜርኩሪ ያለበት ዓይነት ከሆነ፣ በአማርኛችን ባዜቃ፣ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በቀይ የሚጻፈው ደግሞ የቅዱሳን ስም ነው። ጥቁሩን ሁሉ ዘሎ የእመቤታችንን ስም ብቻ የሚያነብ ማሽን ማለት ነው። ወዳጄ ይሄን ሲሰማ «እንግዲያው ከብዙ ዲያቆን ይሻላል» አለኝ።

ድንጋይ የያዙት ናቸው ሆዴን የሚበሉት።

ከጉጂ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ሌላ ቦታ፣ ማሽን ያለው ሰው ጋ ገንዘብ ከፍሎ ያስለካው ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ወርቅ 60 ፒፒኤም ይላል። በቶን 60 ግራም ማለት ነው። ይሄ እውነት ከሆነ ልጁ ሀብታም ነው፤ በዓለም ላይ በቶን አምስት ግራም እንኳ ያለው ድንጋይ ጥሩ ማዕድን ይባላል። ችግሩ ይሄው ነው። ጌጥ ላይ ወርቅ ከመቶ 87 እጅ ሲሆን ማሽኑ ፊት ለፊት ያየዋል። ድንጋይ ላይ ግን ወርቁ ከሚሊዮን አምስት እጅ ነው፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ በሺህ እጥፍ ይበዛሉ። የወርቅ አንዱ መስመር 9.71 ላይ ነው አልኳችሁ። የዚንክ ሁለተኛ መስመር 9.57 ላይ ነው። የቱንግስተን አንዱ 9.67 ላይ። የማሽኑ ዓይን እነዚህን አጥርቶ የሚለይ ስለት የለውም፤ ዚንክ ወይም ቱንግስተን የበዛበት ድንጋይ ላይ ከእነሱ የፈሰሰውን ለወርቅ ይቆጥርለታል። ሌላኛው የወርቅ መስመር ይርዳን ብትሉ 11.44 ላይ ነው፤ ቅርቡ 11.73 ላይ አርሰኒክ አለ። አርሰኒክ ደግሞ ወርቅ ባለበት ድንጋይ ውስጥ የማይጠፋ ነው። የዚሁ አርሰኒክ ዋናው መስመር ራሱ 10.54 ላይ ሆኖ ከእርሳስ 10.55 ጋር ተደራርቧል። ሰፈሩ የተጣበበ ነው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማር ይላል።

የልጁን ድንጋይ ፈጭተን በእሳት ፈተንነው። የድሮ ዘዴ ነው፣ ዛሬም የሚበልጠው የለም። 30 ግራም ዱቄት ከሊድ (እርሳስ) ኦክሳይድና ከሌሎች ማቅለጫዎች ጋር ተደባልቆ ከ1000 ዲግሪ በላይ ምድጃ ውስጥ ይገባል። እርሳሱ ሲቀልጥ ወርቁንም ብሩንም ሰብስቦ ወደ ታች ይወርዳል። ያንን የእርሳስ እንክብል ከአጥንት አመድ ወይም ከማግኒዚያ በተሠራች ትንሽ ስኒ ላይ አድርጋችሁ እንደገና ስታሞቁት፣ ስኒዋ እርሳሱን ትጠጣዋለች፤ መሀሏ ላይ የቀረችው ቅንጣት ናት መልሱ። የልጁ ቅንጣት በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነበረች። በቶን ከአንድ ግራም በታች። ማሽኑ «ወርቅ» ብሎ የቆጠረው በአብዛኛው ቱንግስተን ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ያመነው ማሽኑን ነው እንጂ እኔን አይደለም። «ያኛው ቤት 60 ብሏል እኮ» አለኝ፤ ደጋግሞ አለኝ። ወርቅ የለም ብሎ ለሰው መንገር ከባድ ነው፤ አለ ብሎ ገንዘብ መቀበል ግን ይቀላል፣ ያኛው ቤትም ያደረገው ይሄንኑ ይመስለኛል። ማሽኑ ለጂኦሎጂስት ወርቅ ፍለጋ ላይ ትልቅ አጋዥ ነው፤ የሚያግዘው ግን አርሰኒኩንና ሌሎቹን የወርቅ ጎረቤቶች በየቦታው እየለካ የት መቆፈር እንዳለበት ስለሚጠቁም ነው። ወርቁን ራሱን እንዲቆጥር የሚልከው አዋቂ የለም።

እስካሁን ማሽኑን ያማሁት ይመስላል። እንግዲያው ቆዳና ሆድ የሚባል ልዩነት የሌለበትን ልንገራችሁ፣ ዱቄትን።

ዱቄት በደንብ ከተቀላቀለ ላዩም ታቹም አንድ ነው። የእህልና የቅመም ዱቄት ደግሞ ከቀላል ንጥረ ነገሮች የተሠራ ስለሆነ ጨረሩን አይውጥም፤ ውስጡ እርሳስ ካለ ከሚሊ ሜትሮች ጥልቀት ሳይቀር ይናገራል። ባንግላዴሽ ላይ የሆነውን እዩ። እዚያ እርድ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቢጫነቱ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል ቀለም ይጨምሩበት ነበር። እርሳስና ክሮሚየም ነው፤ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ። በዓይን አይለይም፣ እንዲያውም መርዝ ያለበት እርድ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመንግሥት ሰዎች ዳካ ካለው ትልቅ የጅምላ ገበያ ይሄንኑ የእጅ ማሽን ይዘው ገቡ። እዚያው ቆመው ለኩ፣ እዚያው ቀጡ፣ ዜናው አገር አዳረሰ። በዚያ ዓመት ከገበያ ከተወሰዱት የእርድ ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። በ2021 ዜሮ ሆነ። ዜሮ። የሠራተኞቹም ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ቀነሰ። ማሽኑ ብቻውን አላደረገውም፤ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር፣ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣኑ ቆርጦ ነበር። ግን ነጋዴው ፊት ቆሞ በደቂቃ ውስጥ «ይኸው» የሚል ነገር ባይኖር ኖሮ ናሙናው ላብራቶሪ ደርሶ እስኪመለስ እርዱ ተበልቶ ያልቅ ነበር።

እና እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ሐብል ስለካ እውላለሁ። ማሽኑ በአስር ሺዎች ዶላር የተገዛ ነው፣ ወጪውን መመለስ አለበት፣ ይገባኛል። ግን ኩል የሚያስለካ ሰው አይመጣም። ኩል ማለት በብዙ አገር የተፈጨ ሊድ ሰልፋይድ ነው፤ ግማሽ በግማሽና ከዚያም በላይ እርሳስ የሆነ ኩል ተገኝቷል። አንቲሞኒ ነው ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ ሁለቱ በዓይን ጥቁር ናቸው፣ ማሽኑ ላይ ግን እርሳስ በ10.55፣ አንቲሞኒ በ26.4፣ ምንም አይደራረቡም። ሕፃን ዓይን ላይ ሳይቀር እንኳላለን። ዓይኑን ያሻል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ጠጠር ለምታህል የጆሮ ጌጥ ወረፋ የምንይዝ ሰዎች፣ ለዚህች ዱቄት አንዲት ደቂቃ አልሰጠንም።

ስለዚህ ኩል ወይም ቀለሙ ያጠራጠራችሁ ቅመም ያላችሁ አንድ ማንኪያ በስስ ፕላስቲክ ቋጥራችሁ አምጡ። ፕላስቲኩ አያስቸግርም፣ መፍታትም አያስፈልግም። ወርቅ የያዘው ሰውዬ ትንሽ ይጠብቃል።